አዲሱ ጌም እስኪወጣ

ትናንት ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ። አንድ ልጅ የእጅ ጌም ይዞ፣ የሚቀጥለው ሲወጣ ምን ምኑ ተሻሽሎ እንዲመጣ እንደሚፈልግ በጣቱ እየቆጠረ ያወራል። ስክሪኑ ይድመቅ፣ ባትሪው ይቆይ፣ በአውራ ጣት የሚገፋው ስቲክ አይዋልል። ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ድምፁን አጠፋሁት። የካውያው እንፋሎት ፊቴን ሲመታኝ ግን ያ የባህር ወበቅ መጣብኝ፣ የጨው ሽታው ሳይቀር።

ከየት እንደምጀምርልህ አላውቅም። ከእህቴ ልጀምር።

እህቴ መካ ውስጥ፣ ዛሂር የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እኔ ጅዳ፣ ሩዋይስ፣ አሁንም ያለሁበት ልብስ ማጠቢያ ቤት እተኩሳለሁ። በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ግን መካ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም፤ የኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለቴ ነው፣ ክርስቲያን ይላል። የሷ ሙስሊም ይላል። ከአገር ስትወጣ ደላላው እንዲህ ብታደርጊ ቶሎ ሥራ ታገኛለሽ ብሏት፣ የራሷንም የአባታችንንም ስም ቀይራ ነው ፓስፖርት ያወጣችው። ማተቧን እናታችን ጋ ትታ ሄደች። ያን ጊዜ ሁላችንም ብልሃት መስሎን ነበር። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አሥረኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ በራሴ ስም መጣሁ። እሷ ያለችበት ከተማ እንደማልገባ ያወቅሁት እዚህ ከደረስኩ በኋላ ነው።

የምንገናኘው አርብ አርብ ነበር። ማዳሟ፣ አሠሪዋ፣ ቤተሰቡን ይዛ ጅዳ ባህሩ ዳር ትመጣለች። ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ እነሱ ዳር ዳሩን ሲንሸራሸሩ እህቴ ዕቃ ትጠብቃለች። የማዳሟ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ኳስ ሊጫወት ሲሮጥ የእጅ ጌሙን እሷ ጭን ላይ ጥሎላት ይሄዳል።

ፀሐይዋ ወደ ባህሩ ስታዘነብል ስክሪኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም፣ የራሳችን ፊት ብቻ። ስለዚህ እህቴ ከትከሻዋ ላይ ሰፊውን ጥቁር ሻርፕ ታነሳና ሁለታችንም ራስ ላይ ትጥለዋለች። ውስጡ ይሞቃል፤ ሳሙናና ሄል ይሸታል። ግራውን እኔ እይዛለሁ፣ ቀኙን እሷ። ጌሙ ውስጥ ያለውን ሰውዬ እኔ አስኬዳለሁ፣ እሷ ታዘልላለች። የግራው ስቲክ ተበላሽቶ ስለነበር ማንም ሳይነካው ሰውየውን ወደ ግራ ይወስደዋል። ገደል ሲገባ እኔን ትቆጣለች።

"ስቲኩ ነው" እላታለሁ።

"ሳህን ስትሰብርም ሳህኑ ነው ትል ነበር።"

ማዳሟ ዶሮ በሩዝ ትሰጣታለች። አርብ ጾም ስለሆነ አንበላውም፤ ቀስ አድርገን ለባህሩ ዳር ድመቶች እንጥለውና ቴምር እንበላለን። ማዳሟ ለጎረቤቶቿ፣ ይቺ ልጅ ድመት ስትወድ አይጣል ነው ትላለች አሉ።

አንድ አርብ ማዳሟ ራሷ መጥታ ሻርፑን ገለጠችው። እህቴ ወንድሜ ነው አለች። ማዳሟ ኢቃማዬን ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ቀስ ብላ አነበበችው።

"አባታችሁ አንድ አይደለም" አለች።

እህቴ ምንም ሳትደነግጥ፣ የምንገናኘው በእናታችን ነው አለቻት። ማዳሟ ሃይማኖት የሚለውን መስመር ደግማ አየችውና ኢቃማዬን መለሰችልኝ። አልጮኸችም። ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ ሰጥታኛለች። በነጋታው እህቴ ደውላ፣ እናታችንን ሳላማክራት ሁለተኛ ባል ዳርኳት ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በሚቀጥለው አርብ ባህሩ ዳር ሄጄ ከሩቅ አየኋቸው። ምንጣፉ ተነጥፏል፤ እሷ የለችም።

"ኸላስ፣ በቃ፣ አርብ አርብ ቤት ትጠብቂያለሽ ተባልኩ" አለችኝ። ያን ቀን አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ የቀረን ስልክ ነው። ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ትደውላለች፤ ነፋሱ አንሶላውን ሲያማታው ይሰማኛል። ያን ሰሞን ልጁ አዲስ ጌም ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ይዞ መጣ። እህቴም ወሬውን በየቀኑ ታደርሰኛለች። ዛሬ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይታያል ተባለ። ዛሬ ደግሞ ባትሪው እጥፍ ይቆያል። ልጁ አዲሱ ሲገዛለት አሮጌውን ሊሰጣት ቃል ገብቶላታል። እሷ አሮጌውን በሹፌሩ ለኔ ትልካለች፤ ከምሳ በኋላ ማዳሟ ስትተኛ ደግሞ አዲሱን ከልጁ ትዋሳለች። ከዚያ እሷ ከመካ፣ እኔ ከጅዳ፣ አንድ ጨዋታ ውስጥ እንገባለን። እንዲህ ነበር ያሰብነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ስቲኩ ነበር። የሷ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ጌም ዋይፋይ የሚይዘው ሳሎን ውስጥ ብቻ ነው፤ የሷ ክፍል ከደረጃው ሥር ስለሆነ ምንም አይደርሰውም። ሳሎን ቁጭ ብላ ደግሞ አትጫወት ነገር።

"እኔ ክፍል ድረስ ይያዝ እንጂ ሌላው ይቅር" ትለኝ ነበር።

ልጁን ትጠይቀዋለች። እሱም ስለዚያ ማንም የጻፈ የለም ይላታል። በማግስቱ ደግማ ትጠይቀዋለች።

ሙቀቱ በጠናበት ወር ራሴን አመመኝ አለች። ውሃ ጠጪ አልኳት። ያልኳት ይኼንን ብቻ ነው። አሁንም ሸሚዝ እያጠፍኩ ሌላ ምን ማለት እችል እንደነበር አስባለሁ።

በሦስተኛው ቀን በሷ ስልክ የደወለልኝ ልጁ ነበር፣ እያለቀሰ። ሐኪም ቤት ወስደዋት ነበር። የዚያኑ ቀን እዚያው መካ ልትቀበር ነው። ወንድም እንዳላት የሚናገር ወረቀት የለም። ሰው የሚጭን መኪና ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት፣ ሙስሊም ለሆነ ብቻ የሚለው ምልክት ከላይ ከሚታይበት ቦታ ስንደርስ ሹፌሩ ሃይማኖቴን ጠየቀኝ። መዋሸት እችል ነበር። ግን ኢቃማዬ ኪሴ ውስጥ ነው። ወረድኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ አስፋልቱ ጎማ ጎማ ይሸታል። መኪኖቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እስኪመሽ ቆምኩ መሰለኝ።

ጌሙ የወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ልጁ ደወለልኝ። ሰላምታ ሳያበዛ መቁጠር ጀመረ፤ ስክሪኑ ደማቅ ነው፣ ባትሪው ይቆያል፣ ስቲኩ አይሸሽም። እኔ እሺ እሺ እላለሁ። የኔ አረብኛ የልብስ ቤት አረብኛ ነው።

"ከደረጃው ሥር ወርጄ ሞከርኩት" አለኝ። "አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ። ይይዛል።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"በሩን ዘግቼም ይይዛል።"

አመሰገንኩት። እሱ ስልኩን አልዘጋውም፣ እኔም አልዘጋሁትም። ከወዲያ በኩል፣ ጌሙ ሁለተኛ ተጫዋች እስኪገባ ሲጠብቅ የሚያሰማው አጭር ሙዚቃ፣ እያለቀ እንደገና ይጀምር ነበር።