የሁለት አጋዘን ቢላዋ

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። የትናንት ምሳዬን የምረሳ ሽማግሌ ነኝ፤ ያን ቀን ግን እስከ ሽታው አስታውሰዋለሁ። ማስታወሻው ወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ያኔ አሰላ ውስጥ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ። ከወረቀት በቀር ምንም ወግቼ ሳላውቅ፣ ጠጅ ቤት ስገባ አዳኝ ነኝ። ለወሬዬ ማስረጃ የሚሆን የአደን ቢላዋ አማረኝ። አንጥረኛ ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ስለቱን ቀጠቀጠልኝ። እኔ ደግሞ ድንጋይ ላይ ልስለው ብዬ ከብረቱ ይልቅ ጣቴን አሳነስኩት። የቀረው እጀታው ነው። እሱም የአጋዘን ቀንድ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ኦቦ ቱፋ የሚባሉ የታወቁ አዳኝ፣ ጭላሎ ተራራ ላይ ነብር የበላው አጋዘን አፅም አይቻለሁ አሉኝ። መጋዝ ይዤ ተከተልኳቸው። ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ዞር ይሉና፣ "አዳኙ! የሞተ ነው እኮ፣ አያመልጥህም" ይሉኛል።

አፅሙ ጋ ሳንደርስ፣ ከአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ሰማን። ሁለት ወንድ አጋዘኖች ሲዋጉ ጥምዝ ቀንዶቻቸው ተቆላልፈዋል። አንዱ ሞቷል። ሌላው ሬሳውን ሲጎትት መሬቱን አርሶታል። አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

"ይውጉት እንጂ፣ ኦቦ!" አልኩ። ጠጅ ቤት የማወራው በልቤ ተዘጋጅቶ አልቋል።

"ታስሮ ያገኘሁትን ገደልኩ ብዬ ማን ፊት ልፎክር?" አሉና ጦራቸውን መሬት ላይ ተከሉት። "መጋዝህን አምጣ!"

ጋቢያቸውን በሕይወት ባለው አጋዘን ዓይን ላይ ጣል አድርገው አንገቱን አቀፉት። እኔ የሞተውን አጋዘን ቀንድ መገዝገዝ ጀመርኩ። ያ አውሬ አንዴ ራሱን ቢወረውር የሁላችንም ነገር ያበቃ ነበር። ትንፋሹ እጄን ያሞቀኛል። "ሱታ፣ ሱታ" ይላሉ ኦቦ ቱፋ፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ለእኔ ይሁን ለእሱ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቀንዱ ቋ ብሎ ተቆረጠ። ኦቦ ቱፋ ጋቢያቸውን ገፈው ወደ ኋላ ዘለሉ። እኔም ልከተላቸው ስል ተደናቅፌ ቁጭ አልኩ።

አጋዘኑ አልሮጠም። ራሱን ቀና አደረገ፤ ሰማይ የነካ መሰለኝ። ቁልቁል አየኝ። በሕይወቴ እንዲያ ያየኝ ሹም የለም። ከዚያ ቀስ ብሎ እየተራመደ ጉሙ ውስጥ ገባ።

"በል እንግዲህ፣ አሁን ፎክር!" አሉኝ ኦቦ ቱፋ። የተቆረጠውን ቀንድ አንስቼ ብብቴ ስር ሸጎጥኩ።

አንጥረኛው የስለቱን ጭራ አግሎ ቀንዱ ውስጥ ሲሰካው፣ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ሰፈሩን ሞላው። ቀንዱ ላይ የዚያኛው አጋዘን ቀንድ ሲታገል የፋቀው ጎድጓዳ መስመር ነበር።

"ልሞርድልህ?" አለኝ።

"እንዳትነካው!" ብዬ ጮህኩበት።

ቢላዋው እስካሁን ከሽንኩርት በቀር የገደለው የለም፤ እሱም ቢሆን የሚያስለቅሰው እኔን ነው። ሳነሳው ግን አውራ ጣቴ ሄዳ ያቺ መስመር ላይ ታርፋለች፤ ያ ትኩስ ትንፋሽ እጄ ላይ ተመልሶ ይመጣል። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ጨማምሬ አውርቻለሁ። እዚህኛው ላይ የምጨምረው አጥቼ እንዲሁ እንዳለ ጻፍኩት።