ቆሻሻ ፍለጋ ወደ ጉለሌ

ጎህ ሲቀድ፣ ጀሞ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የታክሲው ሰልፍ ግን ከብርዱም ቀድሞ ተነሥቷል። ዛሬ ጉለሌ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ልጆቹ ከተጣለ ፕላስቲክ የሠሩትን ለወላጅ ያሳያል። ስለ አካባቢ ጥበቃ በሥነ ጥበብ መማር ማለት ይኼ ነው ብዬ፣ አይቼ ልጽፍላችሁ ቃል ገብቻለሁ። ከሰልፉ ጎን ካለች ሱቅ አንድ ሃይላንድ ውሃ ገዛሁ። ይህችን ሃይላንድ አትርሷት፣ በኋላ ትፈለጋለች።

ሁለት ታክሲ ቀይሬ ፒያሳን አለፍኩ። ሦስተኛው ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ያቃስታል፤ መስኮቱ አይዘጋም። ጋቢና የተቀመጥኩ ስለሆነ ሾፌሩ ወሬ ጀመረኝ፤ የምሄድበትንም ነገርኩት።

«ከቆሻሻ ሥዕል?» አለና ዞሮ አየኝ። «እኛ ሰፈር የሚጣል ሃይላንድ ከየት ተገኘ እህቴ? ያልተፈለገውን ቆራሌው መሬት ሳይነካ ነው የሚወስደው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩለት።

ረፋድ፣ ሽሮ ሜዳ

ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ የሚሰቅሉ ሱቆች ገና በራቸውን እየከፈቱ ነው። ትኩስ ፓስቲ ገዝቼ እየበላሁ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ዋጋው ጨምሯል፣ ፓስቲው ቀንሷል፤ ይኼ እንኳ አላስደነገጠኝም።

የትምህርት ቤቱ ግቢ መሃል አንድ ዛፍ ቆሟል። ግንዱ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ቅርንጫፉ ሽቦ፣ አበባው ሁሉ ደግሞ ግማሹ ተቆርጦ ጠርዙ በመቀስ የተሸነሸነ ሃይላንድ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ፀሐይ ሲያርፍበት እውነትም ያምራል።

«እያንዳንዱ ልጅ ዛሬ ጠዋት የተጣለ ሃይላንድ ከቤቱ አምጥቶ ነው» አለኝ የሥዕል መምህሩ ታደለ። ወጣት ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ቀለም ነክቶታል። «ያላመጣ አበባ የለውም ብያቸው ነበር። አንድም ልጅ አልቀረም!»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ አንዲት እናት ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ገቡ። ማንንም ሰላም አላሉም። ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞሩትና አንድ ሰማያዊ አበባ ላይ ዓይናቸው ተተከለ። አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«የኔ ነው! ክሩን በእጄ ነው ያሰርኩት። የጸበል ዕቃዬ ነው!»

እትዬ ብርሃኔ ይባላሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ወልዴ ሸማኔ ናቸው፤ ኩላሊታቸውን ታመው ከተኙ ሰነበቱ። ሱባኤ ይዘው ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው የእንጦጦ ጸበል ሲጠጡ ቆይተዋል፤ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ጸበሉን ሳይቀምሱ እህል ውሃ አይነኩም። እትዬ ብርሃኔ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ዕቃው የለም። በሽተኛው አሁንም ሳይቀምሱ ይጠብቃሉ።

ልጃቸው ሶስና ከጓደኞቿ መሃል ወጣች። ሹሩባዋ ላይ ሳይቀር ቀለም አለ።

«ጸበሉስ? የት ደፋሽው?»

«አልደፋሁትም እማዬ! ጸበል መሬት አይደፋም ትዪ የለ? ማታ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት።»

በርሜሉ የግቢው ሰው ሁሉ የሚቀዳበት ነው። እትዬ ብርሃኔ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «በስመአብ! እግሬን ታጠብኩበት! ካልሲ አጠብኩበት!»

መምህሩ አመዱ ቡን አለ። «ሶስና፣ እኔ እኮ የተጣለ ነው ያልኩት!»

«ቲቸር፣ እኛ ቤት የተጣለ የለም።»

ወደ ሌሎቹ ዞረ። «እሺ፣ የተጣለ ያመጣ እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም። መልሱ ግን ከየአቅጣጫው ይወርድ ጀመር። «የኔ ዘይት ነበረበት።» «የኔ ላምባ።» «እኔ አባዬ አዲስ ውሃ ገዝቶልኝ፣ ውሃውን ደፍተን ነው።» «እኛም ገዝተን ነው!»

ክው አልኩ። ሰፈሩን ከቆሻሻ ያጸዳል የተባለ ዛፍ የሰፈሩን ዕቃ ሁሉ ቆራርጦ ቆሻሻ አድርጎታል። ታደለ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ግንባሩን ያዘ፤ ሲነሣ ግንባሩ ቢጫ ሆኗል።

ከእናትና ልጁ ጋር ወጣሁ። ሌላ ዕቃ ፍለጋ ጎረቤታቸው ጋሽ ሰዒድ ሱቅ ሄድን። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሱቃቸው እነእትዬ ብርሃኔ ግቢ በር ላይ ነው፤ የሚኖሩትም እዚያው ግቢ ነው።

«ሃይላንድ? ትናንት ማታ ወላጅ ተጋፍቶ አንድ እሽግ አላስቀረልኝም። ጀሪካን የለሽም ወይ?»

«ጀሪካኑማ የላምባ ነው። ጸበል በድስት ይዤ ታክሲ ልሳፈር?» አሉ እትዬ ብርሃኔ። እንባቸው መጣ።

ያን ጊዜ ነው ቦርሳዬ ትዝ ያለኝ። ሃይላንዷን አወጣሁ፤ የቀረውን ውሃ ከሶስና ጋር እየተቀባበልን ጠጥተን ጨረስነው።

እኩለ ቀን፣ እንጦጦ

ታክሲው ባሕር ዛፉን እየሰነጠቀ ይወጣል። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ያልፉናል። እትዬ ብርሃኔ መንገዱን ሙሉ በሹክሹክታ ይጸልያሉ፤ ሶስና ባዶዋን ሃይላንድ ታቅፋለች። ቀድተን ወዲያው ተመለስን።

ከሰዓት፣ የነሶስና ቤት

ጋሽ ወልዴ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለዋል። ጋሽ ሰዒድ ሊጠይቋቸው ገብተው በሩ ጋ ቆመዋል። እትዬ ብርሃኔ ጸበሉን በኩባያ ቀድተው አቀረቡላቸው።

«አልጠጣም» አሉ።

ሁላችንም ደነገጥን።

«ሱባኤዬን አፍርሻለሁ ብርሃኔ። አንቺ ኪዳን ሄደሽ ሳለ ጉሮሮዬ ተቃጠለብኝ። ግድግዳ ይዤ ወጥቼ ከበርሜሉ አንድ ኩባያ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከራሴ ጋር ስጣላ ነው የዋልኩት።»

እትዬ ብርሃኔ ኩባያውን እንደያዙ ቀሩ። ሶስና ወደ አባቷ ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ጸበሉን ማታ በርሜሉ ውስጥ ገልብጬዋለሁ።»

ጋሽ ወልዴ ነገሩ እስኪገባቸው ልጃቸውን አፍጥጠው አዩ። ከዚያ ጎናቸውን ደግፈው ሳቁ፤ እያመማቸው ሳቁ። እትዬ ብርሃኔ እያማተቡ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ወላሂ እኔም ለሱብሂ ሶላት የታጠብኩት ከዚያው በርሜል ነው» አሉ ጋሽ ሰዒድ። «አብሽር ወልዴ፣ አብረን እንድናለን!»

ጋሽ ወልዴ ኩባያውን ተቀብለው ጨለጡት። ሃይላንዷም አንገቷ ላይ ቀይ ክር ታሰረላት።

አመሻሽ፣ ታክሲ ተራ

ሶስና ልትሸኘኝ መጣች።

«እናንተ ቤት ሃይላንድ አለ?»

«ሞልቷል። ከኩሽናው በር ጀርባ አንድ ከረጢት ሙሉ።»

«ምን ይቀመጥበታል?»

«ምንም። ይጣላል።»

ቀጥ ብላ ቆመች። ቀኑን ሙሉ ስደነግጥ የዋልኩት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ተራው የእሷ ሆነ።

«ታዲያ ቲቸር ለምን እናንተ ሰፈር አያስተምርም?»

ታክሲው መጣልኝ፣ እግዜር ይስጠው።