ከሰባት ቤት ያስወጣሁት ወንድሜ

በአንኮበርና በዙሪያው ልጁን የሚድር ሰው እኔን ሳያማክር ድግስ አይደግስም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ ማስታወቂያዎች ነው። ዛሬ ግን የአርባ ቤተሰብ ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ በደብተሬ አስፍሬያለሁ። ሙሽሮቹ ዘመዳሞች መሆን አለመሆናቸውን በግማሽ ቀን አወጣዋለሁ፤ ቄሶቹ ሳይቀሩ ይጠይቁኛል። ጫትንም በጎልማሳነቴ ዓመት ሙሉ ቅሜ፣ አንድ ሰኞ በቃኝ ብዬ ተውኩት። ራሴን እንኳ አላመመኝም። ይህን ለልጄ ደጋግሜ አውርቼለታለሁ።

ልጄ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ደሴ ይመላለሳል። ባለፈው ክረምት ሚስቱ እያለቀሰች አንኮበር መጣች።

«አባባ፣ ልጅዎ ጫት ላይ ተጥዶ ሦስት ቀን አልተኛም። ጣርማ በር ላይ የሌለ ሰው ታይቶት መሪውን ጠመዘዘው። ረዳቱ ባይዝለት ገደል ገብተው ነበር። ነገም ጭነት አለው።»

ወዲያው አብሬያት ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ልጄ መኪናውን እየዞረ ጎማ ይመታል። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።

«ነገ አትነዳም» አልኩት።

«አባዬ ደግሞ! አንተ ቅመህ ተወኸው የለ? እኔም ያንተው ልጅ ነኝ፤ ስፈልግ እተወዋለሁ።»

«መቼ ነው የምትፈልገው?»

«ከደሴ ስመለስ!» ብሎ ሳቀ። «ዘራችን ብረት ነው እያልክ ያሳደግከኝ ራስህ ነህ። እስቲ ከደብተርህ ጫት ያበላሸው አንድ ጀዝባ አውጣልኝ!»

 በደብተሬ በእርግጥ አንድም አልነበረም። እኛ ዘር ስንቆጥር፣ አወዳደቁ ያላማረውን እንዘለዋለን፤ ጋብቻ ያፈርሳላ! እኔም ታናሽ ወንድሜን «በሕፃንነቱ ሞተ» ብዬ ጽፌዋለሁ። እኔና እሱ ጫት የጀመርነው በአንድ ቀን፣ አንድ እስር ተካፍለን ነው። እኔ ተውኩት። እሱ በሬውን ሸጠበት፤ ሰው ይከተለኛል እያለ በጠራራ ፀሐይ በሩን ይቀረቅር ጀመር፤ በመጨረሻም ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ።

ልጄ የመኪናውን በር ከፈተ።

«አጎትህ በሕፃንነቱ አልሞተም» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

ማኘኩን አቆመ። «እሱም የሌለ ሰው ይታየው ነበር?»

«ይታየው ነበር።»

«ታዲያ ብረት፣ ብረት ስትለኝ የኖርከው…» አለና ቁልፉን እግሬ ሥር ወረወረው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። የመረመረችው ባለሙያ፣ የወንድሜን ነገር አውርቼ በዘራችን ሳይወርድ አይቀርም ስላት አዳመጠችኝና፣ «አባቴ፣ ልክ ነዎት» አለች። «ሱስ ቶሎ የሚይዘው ተፈጥሮ ያለው ሰው አለ፤ በዘርም ይወርዳል። አንዱ ወንድም ትቶት ሌላው ሱሰኛ ሆኖ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ግን ዘር ብቻውን አይፈርድም።» ይህንንስ ከመጽሐፍ አንብቤ ቀድሜ አውቀው ነበር። ሳነበው ግን የሰው ልጅ እንጂ የራሴ ልጅ አልታየኝም።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልቁጠር። ልጄን ከመሪ አውርጃለሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ቢቅም፣ ሁለቱንም ጊዜ ጤና ጣቢያ መልሼዋለሁ። ወንድሜን ከነአወዳደቁ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ዘር ሊያስቆጥሩ የሚመጡትን ሽማግሎች፣ «በሱስ የቀረ ዘመድ አላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ይህን ደፍሮ የሚጠይቅ በአገሩ ከእኔ በቀር የለም። ሦስቱ ተቆጥተው ሄደዋል፤ አንደኛው ግን ተመልሶ መጥቶ ስለ እህቱ አወራኝ። ልጄ አሁንም እንደ ድሮው አያጫውተኝም። ጫት ከተወ ግን አምስተኛ ወሩን ይዟል።