ለልጄ «ቀዝቃዛ የለም» ይሉ የነበሩት ባለሱቅ

ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄድን ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ቀራንዮ ቤታችን የነበሩትን ሁሉ ላንሳ፣ አንዱን እንኳ ብዘነጋ ቅር ይለኛል። እህቴ አስናቀች ከሁለት ልጆቿ ጋር ነበረች። አከራያችን እማማ ዘውዴ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል። የእድራችን ጸሐፊ መርቀውን ሊሄዱ ቆመዋል። ሦስት የልጄ የክፍል ጓደኞች እያለቀሱ ፎቶ ይነሳሉ፣ ቦሌ የሚያደርሰን ባለታክሲ ሞተሩን አስነስቶ ቶሎ በሉ ይላል። እኔ አለሁ፣ ልጄ ቤዛ አለች፣ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከቅርብ ጎረቤት የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሙዘይን በራቸው ላይ ቆመው ያዩናል እንጂ አልመጡም፤ እኔም ኑ አላልኳቸውም፣ ተኳርፈን ነበርና። አስናቀች ለእንግዳው አንድ ሳጥን ለስላሳ ከእሳቸው ሱቅ ስታመጣ «ለቤዛ አንድ ይበቃታል በያት» ብለው ላኩባት። ይሄን ስሰማ እንደገና ደሜ ፈላ።

የተኳረፍነውም በዚሁ በለስላሳ ነው። በእኛ ሰፈር ጠርሙሱ ስለሚመለስ ለስላሳ የሚጠጣው ሱቁ መስኮት ሥር ቆሞ ነው። ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ ቆማ ትጠጣለች። እኔ ምንም አልመሰለኝም። ለስላሳ ለእንግዳ የሚቀርብ፣ የታመመ ሲጠየቅ የሚያዝ ነገር ነው። የጾምም ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታ በለስላሳ ስትፈታ፣ ጎበዝ ልጅ አለችኝ ብዬ እኮራ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ እያለቀሰች መጣች። «ጋሽ ሙዘይን ሁለተኛ አልሸጥልሽም አሉኝ» አለች። ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ተሻገርኩ።

«ጋሽ ሙዘይን፣ ልጄ ምን አደረገችዎት? እኛ ለስላሳ የምንጠጣ አንመስልም?»

«የቤዛ እናት፣ ግቢና ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም!»

«እሺ፣ ቆመሽ ስሚኝ። የጠማው ሰው ጠጥቶ ተመስገን ይላል። ልጅሽ የመጀመሪያውን ሳትጨርስ ዓይኗ ሁለተኛው ላይ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሸጫለሁ፣ ሱስ ያለበትን ሰው ከእጁ አውቀዋለሁ።»

ሱስ! እኔ ሱስ ሲባል የማውቀው ጫቱን፣ ሲጋራውን፣ አረቄውን ነው። ሴት ልጄን፣ በሰው ፊት! «ስሟን ሊያጠፉብኝ ነው? ይሽጡላት፣ እናቷ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማ። እሳቸው «እሺ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም።

ቦሌ ስንደርስ ከቤዛ ቦርሳ አንድ ሙሉ ፕላስቲክ ለስላሳ ወጣ።

«እናቴ፣ ፈሳሽ አይገባም» አለኝ ፈታሹ። «ወይ ይጣል፣ ወይ እዚሁ ትጠጣው።»

ቤዛ ከፍታ እዚያው ቆማ አንደቀደቀችው። ሰልፉ ከኋላችን ያጉረመርማል።

«ቀስ በይ የኔ እህት፣ አውሮፕላኑም ላይ ይሰጣሉ» አላት እየሳቀ።

«ስንት ስንት?» አለችው።

እሱ በጣም ሳቀ። እኔ ግን የጋሽ ሙዘይን ነገር ትዝ አለኝና ሳቅ እምቢ አለኝ።

ባለቤቴ ተስፋዬ ከእኛ አምስት ዓመት ቀድሞ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ፣ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ሎኬሽን በሚሉት ሰፈር ስፓዛ ከፍቷል። ስፓዛ ማለት የእኛው የሰፈር ሱቅ ነው፣ የብረት ፍርግርግ ተጨምሮበት። እኛ የደረስነው በሐምሌ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ዝናብ ግን ጠብ አይልም፤ ሐምሌን ያለ ጭቃ ሳይ ወሩን የተሳሳትኩ መሰለኝ። ፓፕ የሚሉት ምግባቸው ቅቤና በርበሬ የረሱለት ገንፎ ነው። ሰዎቹ ግን ደስ ይላሉ። ሰላምታ ሳይሰጡ ዳቦ እንኳ አይጠይቁም፣ ይሄን ወደድኩላቸው።

ለስላሳውን ኮልድሪንክ ይሉታል፣ ባለሁለት ሊትሩ የሕፃን ልጅ ያህላል። የሚመለስ ጠርሙስ የለ፣ መስኮት ሥር መቆም የለ፣ የሚያይ ሰው የለ። ደግሞም ሱቁ የራሳችን ነው። ቤዛ እያቀፈች ወደ ክፍሏ ትገባለች፣ እኔ ጠዋት ባዶውን ከአልጋ ሥር አወጣለሁ። ስከለክላት ራሴን አመመኝ ትላለች፣ በር ትወረውራለች፣ ከማንም አትነጋገርም።

«አንቺስ ቡናሽን ካልጠጣሽ ራሴን ትዪ የለ?» አለችኝ አንድ ቀን።

የቤቱ ባለቤት ማማ ኖምሳ ጭቅጭቃችንን ሰምታ በፍርግርጉ ብቅ አለች። «ምን ሆናችሁ?» አለችን በምልክትም በእንግሊዝኛም።

«ማማ፣ ኮልድሪንክ። ብዙ። ጥሩ አይደለም» አልኩ ባለችኝ ቋንቋ።

«ከረሃብ አገር መጥተሽ ለልጅሽ ኮልድሪንክ ትከለክያለሽ?» አለች፤ ቤዛ ናት ያስተረጎመችልኝ፣ በደስታ። ማማ ኖምሳ በዚያው አንድ ገዝታ ለቤዛ ሰጠቻት። ከገዛ ሱቄ ገዝታ ልጄን ጋበዘችብኝ!

ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ረጅም ነገር ተናገረች፣ እጇን እያወናጨፈች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ውሃም ጠጪ አለችኝ» አለች ቤዛ።

ነርሷ ገብቷት ሳቀችና አባቷ ይምጣ አለች። ተስፋዬ መጥቶ ያለችውን በደንብ ነገረኝ። ይሄን ሱስ ብለው የሚጠሩት ሐኪሞች አሉ፣ አይ፣ ልማድ ነው የሚሉም አሉ፣ ገና ይከራከሩበታል። ጥቁሩ ለስላሳ ውስጥ ግን ቡና ላይ ያለው የሚያነቃው ነገር አለበት፣ ስለዚህ ሲቀር ራስ ምታቱ የእውነት ነው፤ የልጅ ጭንቅላት ደግሞ ገና እያደገ ነው። «ስሙን ተዪው፣ ስታጣው ምን እንደምትሆን እዪ። በአንድ ቀን አታስቁሚያት፣ ቀስ እያልሽ ቀንሺ» ብላለች። ጋሽ ሙዘይን ሳይማሩ የነገሩኝን ባሕር ተሻግሬ ከነጭ ጋውን ለባሽ ሰማሁት።

መቀነሱ እኔ ላይ ወደቀ። አንድ ቀን ሁለተኛ ስትጠይቀኝ «ቀዝቃዛ የለም» አልኳት። የሞቀ እንደማትጠጣ አውቃለሁ። ፍሪጁ ከጀርባዬ ያጓራል። ቤዛ አየችኝ፣ አየችኝና ሳቋ አመለጣት።

«እማ፣ አንቺም እንደ ጋሽ ሙዘይን?»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ከጮህሽባቸው በኋላ እኮ አልሸጥም ብለውኝ አያውቁም። አንዱን ይሰጡኝና፣ ሁለተኛ ስላቸው ‹ሽጥ ተብያለሁ እሸጣለሁ፣ ቀዝቃዛ ግን የለም› ይላሉ። መብራት ሄዶ ነበር ይላሉ፣ አምፖሉ በርቶ! ታች ያለው ሱቅ ስሄድ እሱም ቀዝቃዛ የለም ይለኛል። ነግረውታላ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሄደሽ ደግመሽ ትጮሂባቸዋለሽ ብዬ ነዋ። አሳዘኑኝ።»

ሰው የገዛ ዕቃውን አልሸጥም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያውም ላዋረደችው እናት ልጅ ሲል፣ ምስጋና ላያገኝበት፣ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስለ ፍሪጅ እየዋሸ። እናቷ እኔ ነኝ ብዬ የጮህኩት ሴት ያላየሁትን፣ እሳቸው ከመስኮታቸው አይተው ይጠብቁልኝ ነበር።

አሁን በቀን አንድ ላይ ደርሰናል። አንዳንድ ቀን ሁለት ይሆናል፣ ባትነግረኝም ከዓይኗ አውቃለሁ። ራሷን ሲያማት ግንባሯን እይዝላታለሁ፣ እሷም እንደ ትንሽነቷ ትጠጋኛለች። ጥርሷን ነክሳ ትችለዋለች፣ ልጄ ጎብዛለች። የሌላ ሰው ልጆች በፍርግርጉ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን እሸጣለሁ። የምንበላው ከዚያ ነው። እኔ ጋሽ ሙዘይንን መሆን አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ የቀራንዮውን ቤት ለተረከበችው ለአስናቀች ደወልኩ። «ስልኩን ይዘሽ ተሻገሪና ጋሽ ሙዘይንን አገናኚኝ፣ ይቅርታ ልበላቸው» አልኳት።

«የት ልሻገር?» አለችኝ። «መንገዱ ሲሰፋ የማዶ ሱቆች ተነሡ እኮ። ዓለም ባንክ ሰፈር ገቡ የሚል አለ፣ አገራቸው ተመለሱ የሚልም አለ። ስልካቸውን የያዘ አላገኘሁም።»

እንግዲህ ይሄን የምታነቡ የቀራንዮም የዓለም ባንክም ሰዎች፣ ጋሽ ሙዘይን ረጅም ናቸው፣ እስክሪብቶ ከጆሯቸው ላይ አይጠፋም፣ እናትን ሁሉ በልጇ ስም ነው የሚጠሩት። ያያቸው ካለ ለእህቴ ለአስናቀች ይንገርልኝ። የት ናቸው? ደህና ናቸው ወይ?