ለአባየ ጀርባ የሚስማማ የጎማ ነፋስ

ቅዳሜ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጎህ ሲቀድ የመኪናዋን የኋላ ወንበር አጥፈን የስፖንጅ ፍራሽ ዘረጋንበት። ወንድሜ ኑሩ ትራሱን አስተካከለ። ከሐይቁ ማዶ ደልጊ የምንሄደው አባታችንን ለማምጣት ነው።

አባየ ክረምት ላይ ከእህል መጋዘናቸው መሰላል ወድቀው የጀርባ አጥንታቸው ተሰነጠቀ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ድምፃቸውን በስልክ ብቻ እየሰማሁ ወራት አለፉ። አንዳንዴ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከጆሮዬ ሳላነሣው እቆያለሁ። በመጨረሻ ሐኪማቸው፣ "ተኝተው መሄድ ይችላሉ፤ ብቻ እንዳይንገጫገጩ" አሉ። ያች "ብቻ" ሳምንቱን ሙሉ ስታብሰለስለኝ ሰነበተች።

ጎሚስታው ገና ሱቁን እየከፈተ ነበር።

"ወዴት ነው?"

"ደልጊ።"

"እንግዲያው ጠጠር አለበት። ጠንከር ላድርገው" ብሎ አራቱንም ጎማ በነፋስ መለኪያው እስከ አርባ አምስት ሞላቸው። ጠጠር ላይ ለስላሳ ጎማ ይቀደዳል ሲባል ስሰማ ስለኖርሁ አመንሁት። እኔ መሪውን ያዝሁና ወጣን።

ረፋድ፣ ወረታ

የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ውሃው ላይ ጭጋግ ተኝቷል። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ቢጫ ሆኗል፤ መንገድ ዳር ቀይ ሽንኩርት በከረጢት ተደርድሯል። ወረታ ላይ ፉል ለመብላት ቆምን። አባየ በጭነት መኪና እህልና የደረቀ ዓሣ ይዘው ወደ ባሕር ዳር ሲመጡ የሚያርፉት እዚሁ ቤት ነበር።

"አባታችሁ ደህና ናቸው?" አሉ የምግብ ቤቱ ባለቤት፤ አረጋዊት ናቸው።

"ልናመጣቸው እየሄድን ነው።"

"አላህ ያሽራቸው። ያለ ቃሪያ አይበሉም ነበር" ብለው፣ ሳንጠይቃቸው አንድ ሰሃን ቃሪያ ከፊታችን አስቀመጡ። ኑሩ ቃሪያ አይበላም። ያን ቀን ግን በላ።

ከቀትር በኋላ፣ ከቆላ ድባ ወዲያ

ከአዘዞ ተገንጥለን ቆላ ድባ ስንደርስ የገበያ ቀን ነው፤ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርት የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። ከከተማው ወጥተን ጠጠሩ ሲጀምር መኪናዋ ትዘል ጀመር። መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጥቂት እንደሄድን አቆምሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለ ኑሩ።

"አንተ ንዳ። እኔ አባየ ቦታ ልተኛ።"

ፍራሹ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። ከታች እያንዳንዱ ጠጠር በስፖንጁ አልፎ አከርካሪዬን ይመታል። ጥርሴን ነክሼ ጣራ ጣራውን እያየሁ አባየን አሰብሁ፤ በዚህ ላይ ተኝተው፣ ልጆቼ እንዳይጨነቁ ብለው ሕመማቸውን ሲውጡት። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"አቁም" አልሁት።

የሹፌሩን በር ከፍተን ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የጎማ ነፋስ ልክ አነበብን። ለቀላል ጭነት ሠላሳ ሁለት፣ ለሙሉ ጭነት ከኋላ ሠላሳ ስምንት ይላል። አርባ አምስት የሚባል ቁጥር የለበትም። ኑሩ ወዲያው ሊያስተነፍስ ጎንበስ ሲል ያዝሁት። ጎማው በጉዞው ግሏል፤ የጋለ ጎማ ላይ መለኪያው ከፍ አድርጎ ስለሚያነብ፣ አሁን ብንቀንስ ሲቀዘቅዝ ከፈለግነው በታች ይወርዳል። ከአንድ ሾላ ጥላ ሥር ቆመን ጠበቅን።

ከዚያ ሠላሳ ሁለት አደረግነውና ተመልሼ ተኛሁ። ተሻለ፤ ግን አሁንም ይጎረብጣል። ሃያ ስምንት ላይ ጠጠሩ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ።

"ሃያ ሁለት እንሞክር?" አለ ኑሩ።

ሞከርን። እውነትም እንደ አልጋ ሆነ። ወዲያው ግን አንድ ድንጋይ ጎማውን ተጫነውና የቸርኬው ብረት ጓ ብሎ ጮኸ። ወርደን ስናይ አልተቀደደም። በመኪናዋ ባትሪ በምትሠራዋ ትንሽ ነፋስ መሙያ ወደ ሃያ ስምንት መለስነው፤ ጠጠሩ እስኪያልቅም ፍጥነቱን ዝቅ አድርገን ለመሄድ ተስማማን። ሐይቁ ዳር፣ ደልጊ ስንገባ ፀሐይ ዘቅዝቃለች።

አባየ ከስተዋል። እጄን ያዙና፣

"መጣሽ?" አሉ።

"መጣሁ፣ አባየ።"

ለእሳቸው ያጠራቀምሁት ወሬ ሁሉ ጠፋብኝ።

እሑድ ጠዋት፣ ከደልጊ ወደ ቆላ ድባ

ጎማው ቀዝቅዞ እንዳደረ ለካሁት፤ ሃያ ስምንት። ጎረቤቶች አባየን በቃሬዛ አወጡልን። ወደ መኪናው ከማግባታቸው በፊት ሐይቁን ልይ አሉ። ታንኳዎች ከዓሣ እየተመለሱ ነበር። ሸካሚዎቹ ሳይቸኩሉ ቆሙላቸው።

ኑሩ ይነዳል፤ እኔ ከጎናቸው ተቀምጫለሁ። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ፈራሁ።

"አባየ፣ አመመዎት?"

"አላመመኝም። መንገዱን እየለየሁት ነው።"

"ተኝተው?"

"ጀርባዬ ያውቀዋል። አሁን ወደ ወንዙ መሻገሪያ እየወረድን ነው።" ቀና ብዬ በመስኮት አየሁ፤ እውነታቸውን ነው። ጥቂት ቆይተው፣ "እዚህ በስተግራ ዋርካ አለ። እናትሽን አግብቼ ሳመጣት የጭነት መኪናችን ተበላሽቶ ጥላው ሥር ነው የዋልነው። አንዴም አላማረረችም" አሉ። ዋርካው በመስኮቱ በኩል አለፈ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ በፈገግታ ስሟን ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

ቆላ ድባ ላይ አስፋልቱ ሲጀምር ኑሩ ጎማዎቹን እንደገና ሞላቸው፤ ነፋሱ በጎደለ ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል። መኪናዋ ያለ ድምፅ ትንሸራተት ጀመር። እፎይ አልሁ። አባየ ግን ዓይናቸውን ገለጡ።

"አሁን የት ነን?"

"ከቆላ ድባ ወጣን፣ አባየ።"

"አላወቅሁትም" አሉ ቀስ ብለው። "ከዚህ ወዲያ ሁሉም አንድ ሆነብኝ።"

ስለዚህ እኔ እነግራቸው ጀመር። አዘዞ። አዲስ ዘመን። ወረታ። የሩዙን ማሳ፣ የሽንኩርቱን ከረጢት፣ መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ሁሉ። እጃቸው እጄ ውስጥ ነው።

አመሻሽ፣ ባሕር ዳር

ጎረቤቶቻችን አግዘውን መኝታ ክፍል አስገባናቸው። አልጋቸውን በሩ እንዲታያቸው አድርጌ ነበር ያዘጋጀሁት።

"ደልጊ በየት በኩል ነው?" አሉ።

ኑሩ በመስኮቱ በኩል፣ ከሐይቁ ማዶ አመለከታቸው። የሚታየው ጥቁር ውሃ ብቻ ነው።

"አልጋውን ወደዚያ አዙሩልኝ።"

ኑሩ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን፣ እንዳይንገጫገጩ ቀስ አድርገን አዞርነው።