የግራው መጥረጊያ

ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. አባቴ ከሚኒባሱ የግራውን የዝናብ መጥረጊያ አውልቆ የቀኙን ሳያወልቅ ቀረ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ለቅሶ የመጡ ሰዎች ቦሌ ሚካኤል ግቢያችን ውስጥ የቆመውን መኪና እያዩ፣ «ወይ ጉድ፣ ሐዘን ቤት ገብተው ይሰርቃሉ?» አሉ። ማንም አልሰረቀም።

በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ነበር። አባቴ ላጲሶ ሆሳዕና አካባቢ መወለዱ፣ በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ የታክሲ ረዳት መሆኑ፣ እናቴን ወይዘሮ ገንዘቤን ማግባቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ለረጅም ጊዜ ማገልገሉ በትክክል ሰፍሯል። «እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የተማሪዎች ሰርቪስ ሲነዳ ኖሯል» የሚለው ግን ስህተት ነው። አባቴ መንዳት ያቆመው ከመሞቱ ከአራት ወር በፊት ነው። ማንም አላስቆመውም፤ ራሱ አቆመ። እንጀራዬ መዝገብ መጠበቅ ነውና የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ከነስህተቱ ሲቀመጥ አልወድም። ይኼኛው ደግሞ የሳተው በሕይወቱ ውስጥ ትልቁን ነገር ነው።

የሚያመላልሳቸው ልጆች ከቦሌ ሚካኤልና ከገርጂ ተሰብስበው ኢምፔሪያልን አልፎ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ነበሩ። ለወላጆቻቸው የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እንደወሰድኳቸው እመልሳቸዋለሁ።» ፍሬኑንና ጎማውን እንደማንኛውም ጠንቃቃ ሹፌር ያያል። መጥረጊያውን የሚይዘው ግን እንደማንም አልነበረም።

ምክንያት ነበረው። ረዳት ሳለ አሠሪው የመጥረጊያውን ላስቲክ እንዲለሰልስለት ብሎ በናፍጣ አሸው። ላስቲኩ አብረቀረቀ፤ አባቴም እውነት የታደሰ መስሎት ነበር። በማግስቱ መገናኛ ላይ የሐምሌ ዝናብ ያዛቸው። መጥረጊያው አንዴ ሲሄድ መስታወቱ ላይ ቅባት ተለቀለቀ፤ ሲመለስ ባሰበት። ታክሲዋ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣች። ሰው አልተነካም፤ የአንዲት በቆሎ ጠባሽ ምድጃ ግን ተገለበጠ። ፍሙ ውሃው ላይ ሲንጫጫ፣ ሴትየዋ የተበተነ በቆሎዋን ትታ የልጇን ገላ ስትዳብስ ያየውን አባቴ ብዙ ጊዜ ያወራው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የራሱን ደንብ አወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ መጥረጊያን የሚገድለው ክረምቱ ሳይሆን በጋው ነው ይል ነበር። ፀሐዩ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ አቧራው ጠርዙን ይበላዋል፤ ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ሹፌሩ አቧራ በሞላው መስታወት ላይ ያስነሳውና ይቀደዳል። ስለዚህ የብዙ ሰው መጥረጊያ ዓመት ሳይደፍን መንጫረር ይጀምራል፤ ውሃውን በመጥረግ ፈንታ መስመር እየተወ ያልፋል። የአባቴ ሁለት ክረምት ያደርስ ነበር። መስቀል ካለፈና ዝናቡ ከቆመ በኋላ ያወልቃቸዋል፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ በጨርቅ ያብሳቸዋል፣ ጥላ ውስጥ ያደርቃቸዋል፤ ባዶ የቀረው ብረት መስታወቱን እንዳይጭረው ጫፉን በጨርቅ ያስራል። በጋ ላይ ደመና ካየ መልሶ ይገጥማል። መጥረጊያዎቹ የድሮ የትምህርት ቤት ሹራቤ ውስጥ ተጠቅልለው ቁም ሳጥን ላይ ይከርማሉ።

«እስቲ እዩልኝ» ትል ነበር እናቴ ለእንግዳ፣ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ጠቅልሎኝ አያውቅም።»

«አንቺ መች ፀሐይ ላይ ዋልሽ» ይላል እሱ።

በ2016 ግንቦት ላይ አሮጌዎቹ አልቀው ከሳጂዳ አዲስ ገዛ። ሳጂዳ ከስልጤ የመጣች፣ ቦሌ ሚካኤል ላይ የመኪና ዕቃ የምትሸጥ ሴት ናት። ሳምንት ሳይሞላ መለሰላት። ሌላ ሰጠችው። ያንንም ይዞ ተመለሰ።

«ጋሼ ላጲሶ፣ መጡ እንግዲህ! ዛሬስ ምን በደለዎት?»

«ጭጋግ ይተዋል። ከላይ እስከ ታች።»

«ሁለት ክረምት የሚያደርሱት ሰውዬ? ገና ሽታው እንኳን አልለቀቀም እኮ!»

«እሱን ነው የምልሽ። ፎርጅድ ነው የሸጥሽልኝ።»

ሳጂዳ በቀልድ አትሸነፍም፤ ይህችን ቃል ግን አልወደደቻትም። ሦስተኛ ጥንድ አወጣችለት።

ቤት ውስጥ መስታወቱን በሳሙና አጠበ። በአቼቶ ወለወለ። በጋዜጣ አሸ። በዚያው ሰሞን ውሃ አብዝቶ ይጠጣ ነበር፤ ቀበቶውም ወደ ውስጥ ሌላ ቀዳዳ ተበጀለት። እናቴ ሩጫው ነው አለች። እሱም መጥረጊያው ነው አለ።

ሰኔ 5 ቀን፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ሲወጣ ከባድ ዝናብ ነበር። ሳጂዳ ሱቅ በር ላይ መኪናውን ሳያጠፋ ቆመና ጥሩምባ ነፋ። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ሳጂዳንና ጓደኛውን ሙስአብን ለየብቻ ጠይቄ ነው የያዝኩት፤ ቃላቸው አንድ ነው።

ሳጂዳ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። «እስቲ ይውረዱ!» አለችው። ወረደ። እሷ መሪው ጋ ተቀምጣ መጥረጊያውን አስነሳች። አንዴ ሄደ፣ አንዴ ተመለሰ። መስታወቱ ጥርት አለ። ማዶ ያለው የፀጉር ቤት ጽሑፍ፣ ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር፣ ወለል ብሎ ታያት።

«የታለ ጭጋጉ? ጋሼ፣ በአላህ፣ የቱ ጋ ነው ፎርጅዱ?»

አባቴ ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠና በመስታወቱ አየ። ጭጋግ ነበር። ከዚያ ማንም ያላዘዘውን አደረገ። የጎኑን መስኮት እስከ ታች አወረደ፣ አንገቱን ወደ ዝናቡ አወጣና ያንኑ ጽሑፍ አየው። በዓይኑና በጽሑፉ መካከል መስታወት የለም፤ መጥረጊያም የለም። ጭጋጉ ግን እዚያው ነበር።

ሳጂዳ ነገሩ ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይታከማል። ነገ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ። አሁን ልጆቹን ቀስ ብለው ቢያመጧቸውስ?»

«ትናንትም ቀስ ብዬ ነው ያመጣኋቸው» አላት።

ሞተሩን አጠፋ። ስልኩን ለሳጂዳ ሰጥቶ የሙስአብን ስም እንድትፈልግለት ጠየቃት። ሙስአብ ኢምፔሪያል ላይ ሰርቪሱን አቁሞ የሚጠብቅ፣ የእሱኑ ዓይነት መኪና የሚነዳ ሹፌር ነው።

«ሙስአብ፣ ልጆቼን ውሰድልኝ።»

«እሺ ጋሼ። ለዛሬ ነው?»

«ለዛሬም፣ ለነገም።»

ቁልፉን ሳጂዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «አንቺን በሐሰት አማሁሽ» አላት፤ ወጥቶ በዝናቡ በእግሩ ወደ ቤት መጣ። ማታ ላይ መኪናውን ሙስአብ ግቢ አስገባው። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ መሪ አልጨበጠም። የሕይወት ታሪኩ ይህን ነው የዘለለው።

ስኳር ነበር። ለካ ብዙ ዓመት አብሮት ኖሯል፤ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ኩላሊቱንም ይዞት ነበር። ክረምቱ በቀጠሮ አለቀ። ዝናብ በጣለ ቁጥር መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥና፣ «ማራ፣ ኢምፔሪያል ጋ ውሃ ተኝቷል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከሥራ ስመለስ ያየሁትን እነግረዋለሁ። ሰዎች መኪናውን ሽጠው አሉት፤ እናቴ «ሲሻለው ይነዳዋል» አለች። ትምህርት ሲከፈት ልጆቹን የሚያመላልሳቸው ሙስአብ ሆነ።

ዘንድሮ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ስለዘለቀ መጥረጊያዎቹ ሳይወልቁ ቆዩ። ጥቅምት 13 ንጋት ላይ ሲዘንብ ሙስአብ ደወለ። የሚደውለው ለሰላምታ ነው፤ በጨዋታ መሃል የሹፌሩ በኩል መጥረጊያ ላስቲክ ተቀድዶ እንደተንጠለጠለ ተናገረ። አባቴ ስልኩን ዘግቶ ኮቱን ለበሰ።

«በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» አለች እናቴ። «ሙስአብ ሱቅ አጣ?»

«ሱቅ እስኪከፈት ልጆቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

ከመኪናው የግራውን በጣቱ እየዳበሰ አወለቀ። ለዚህ ዓይን አላስፈለገውም። የላስቲኩን ጠርዝ በጥፍሩ ከዳር እስከ ዳር ሞከረው። የቀኙን ስመለስ አወልቀዋለሁ ብሎ እናቴን ሹራቤን አስወረዳት፤ የግራውን ጠቀለለና ይዞ ወጣ።

ገና ያልተከፈተው የሳጂዳ ሱቅ በር ላይ፣ ልጆቹ የሚሳፈሩበት አስፋልት ዳር ሙስአብን ጠበቀው። የተቀደደውን አወለቀ። ክንዱ አምልጦ መስታወቱን እንዳይመታው በግራ እጁ ደግፎ ይዞ የራሱን ገጠመ። ቀጭ አለ።

«አስነሳው» አለ።

ሙስአብ አስነሳው።

«ይታይሃል?»

«ይታየኛል ጋሼ።»

«የማዶው ጽሑፍስ?»

«ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር።»

ሄኒ የምትባል ተማሪ ከኋላ ወንበር፣ «ጋሼ ላጲሶ፣ እርስዎ መቼ ነው የሚመጡት?» አለችው። ድምፅዋን አውቆ ወደ እሷ ዞረ። «እጅሽን ከበሩ አንሺ» አላት። ከዚያ በሩን ስቦ ዘጋው፣ መዘጋቱን ወደ ራሱ ጎትቶ አረጋገጠ፣ እንደ ረዳትነቱ ዘመን የመኪናውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ፤ ሙስአብም ልጆቹን ይዞ ሄደ።