በሙቅ ውሃ የታጠበው ጋቢ

ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.፣ የጥምቀት ማግስት፣ በደባርቅ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ ታናሽ ወንድሜን መስፍንን ከእናቴ ቤት እጁን ይዘው አወጡት። አላሰሩትም፤ አልገፈተሩትም። «ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለምሳ እመልሰዋለሁ» አሉ። አቶ ደምሴ የመስፍን የክርስትና አባት ናቸው። በደሉ ይህ ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

መስፍን ከቀይ ሽብር ሸሽቶ፣ አምባራስ ተራራ ላይ ከገበሬዎች ቤት ተሸሽጎ ከርሞ ነበር። ያወረደው የአቶ ደምሴ ቃል ነው። በገና ሰሞን እናቴ ፊት ቆመው፣ «ይህን ልጅ ከቄሱ እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ይውረድና ራሱን ያጋልጥ፤ ዋሱ ነኝ» አሉ። በእኛ አገር የክርስትና አባት ዋስ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቅ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። «ና፤ ጋሼ ደምሴ ዋስህ ናቸው» የሚለውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማርኩ፣ ያልተፈተነ ነገር አትመኑ እያልኩ የማስተምር።

መስፍን ከተወሰደ ከሦስት ሳምንት በኋላ አቶ ደምሴ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ የመስፍንን ጋቢ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«አሁን አያስፈልገውም።»

«የት ነው ያለው?»

«ልጄ፣ እሱን አትጠይቂኝ። ቆሽሾ ባየው ጊዜ አንጀቴ አልችል ብሎ ራሴ ነኝ ያጠብኩት፤ በእንዶድ፣ በሙቅ ውሃ።»

እንባቸው ዓይናቸው ላይ አቅርሮ ነበር። የእውነት እንባ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ደም የሚለቀው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ ያረጋዋል። በጋቢው ጠርዝ ላይ ስንዝር የሚያህል ቡናማ እድፍ ቀርቷል። በዚያው ዕለት ለእናቴ፣ «ወደ ሱዳን አሻግሬዋለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አሏት። እናቴ ጉልበታቸውን ሳመች። ጋቢው ሳጥኔ ውስጥ ነበር፤ ዝም አልኩ። ዝምታዬንም ርኅራኄ ብዬ ሰየምኩት።

ስደተኞች ስንጽፍ በጨለማ ወጣን ማለት እናዘወትራለን። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በዳባት ገበያ ቀን፣ ጋቢውን ለብሼ ነው። የይለፍ ወረቀቴን የፈረሙልኝ አቶ ደምሴ ናቸው። ምክንያቱን «ለሕክምና» ብለው ሞሉ። ማኅተሙን በትንፋሻቸው እያራሱ፣ «አየሽ፣ በእኔ እጅ ሰው አይጠፋም» አሉኝ። ያዩኝ በፍቅር ነበር፤ የሸኙት ግን ምስክር ነበር። ከዳባት ከበርበሬ ነጋዴዎች ጋር ቆላ ወርጄ፣ እግሬ አብጦ ገዳሪፍ ገባሁ፤ ከዓመት በኋላም ጀርመን።

የደባርቅ ውርጭ ጠዋት ቢያንገበግብ በቀትር ይተዋል፤ የዚህ አገር ብርድ ግን ለምሳም አይነሣ። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ እንጀራ ለመሆን ጀምሮ ሐሳቡን የለወጠ ይመስላል። ጥገኝነት የጠየቅሁበት ቢሮ ሹም ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር።

«ወንድምሽ ለመገደሉ ማስረጃ አለሽ?»

ጋቢውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ታጥቧል» አለ።

«አዎ።»

«የታጠበ ነገር ማስረጃ አይሆንም። ማን አጠበው?»

«ዋሱ።»

«ታዲያ እሱ ይመስክር።» ይህንን ሲል አልቀለደም፤ ብዕሩን አንሥቶ አድራሻቸውን ሊጽፍ ጠበቀኝ።

አከራዬ ፍራው ክሌመንስ መበለት ናት። ደረጃው ላይ በጫማ መሄድ ትከለክላለች፤ እሑድ ማታ ግን ቴሌቪዥን እንዳይ ትጠራኛለች። የምታየው ተከታታይ የወንጀል ድራማ ነው። ዋናው መርማሪ አንድ ወጣት በባልደረባው እጅ እስር ቤት ውስጥ መሞቱን ያውቃል። የልጁን ሻርፕ በገዛ ቤቱ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ለእናቱ ይወስድላታል። «አልተሠቃየም» ይላታል። ባልደረባውን አያጋልጥም፤ ሲመለስ መኪናው ውስጥ ያለቅሳል።

ፍራው ክሌመንስ መሐረቧን አወጣች። «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!»

«ያጠበው ለራሱ ነው» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! ልብ የለሽም እንዴ? አዝኖላት እኮ ነው።»

«ማዘኑንማ አዝኗል። በማዘኑም ራሱን ንጹሕ አድርጎ ቆጠረ። የሞተበትን ቀን ነገራት?»

«ቀኑ ምን ይጠቅማታል?»

«በእኛ ዘንድ ቀኑ ካልታወቀ አርባ አይቆጠርም፤ ተዝካርም አይወጣም። ልጁም አልሞተም፣ አልኖረምም።»

ጋቢውን ታውቀዋለች፤ ታሪኩንም ነግሬያታለሁ። ቴሌቪዥኑን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «እናትሽስ ታውቃለች?»

በሳምንቱ ደባርቅ ስልክ ቤት እናቴን አስጠራሁ።

«ጽጌ! ልጄ! መስፍንን አገኘሽው ወይ?»

«ደኅና ነው ይላሉ፣ እማዬ።»

«እጁን ምን ነካው ታዲያ? አንድ መሥመር መጻፍ አቃተው? ጋሼ ደምሴ ግን ይባረኩ፣ ክረምቱን ማገዶ አስፈልጠውልኛል። በዓልም አልፈውኝ አያውቁ።»

መስመሩ ሲቋረጥ እኔም ሙቅ ውሃ በእጄ ይዤ እንደ ነበር ተረዳሁ።

ስለዚህ፣ አቶ ደምሴ፣ ይህን ጽሑፍ ደባርቅ የሚያደርስ ሰው አግኝቻለሁ። እርስዎ በእናቴ ቤት ለበዓል በተቀመጡበት፣ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደራ ብያለሁ፤ የእኔን ደብዳቤና የእኔን ዝምታ ጨምሮ። ጋቢውንም ልኬያለሁ፤ እድፉ በየትኛው ጠርዝ እንዳለ ያውቁታል። እናቴን አይነኳትም። ቢነኳት፣ «ደግ ነኝ» ብለው በልብዎ ያኖሩት ሰውዬ አብሯት ይሞታል፤ እርሱን ደግሞ ከመስፍን አብልጠው ይወዱታል።

ይቅርታ ይጠይቁ አላልኩም፤ እንባዎንም አይቼዋለሁ። «በዚያ ሰሞን» የሚል መልስ አልቀበልም። ለእኔ ሳይሆን ለእርሷ፣ ዓይኗን እያዩ ይመልሱ፦ መስፍን የሞተው በየትኛው ወር፣ በስንተኛው ቀን ነው?